እስከ ሞጣ ያላለቀሰው ሕፃን

ሰው ፊት መናገር አልችልም። አልወድም አላልሁም፤ አልችልም። ቢቸና ገበያ ነጠላ ይዤ የቆምሁ ቀን አንዲት ሴት መጥታ «ስንት ነው?» አለችኝ። ዋጋውን አውቀዋለሁ፤ ከቤት እስከ ገበያ ድረስ ስለማመደው ነው የመጣሁት። አፌ ግን አልከፈት አለ። ሴትዮዋ ትንሽ ጠበቀችኝና ራሷ አንድ ዋጋ ጠራች። ራሴን ነቀነቅሁ። መልሳ ራሷ ቀነሰችው። አሁንም ነቀነቅሁ። ነጠላውን በብብቷ ይዛ ስትሄድ ለጓደኛዋ «ምስኪን፣ ዲዳ ናት» ስትል ሰማኋት። ዞር ብላ ስታየኝ እሱንም በመነቅነቅ አጸደቅሁላት።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ አስካል «ፌስቡክ ላይ እኮ ማንም ፊትሽን አያይም» ስትለኝ የሰማይ በር የተከፈተልኝ ያህል ደስ አለኝ። እኔ እፈትላለሁ፤ ጎረቤታችን አያ ሙሉ ይሸምናሉ፤ አስካል ፎቶ ታነሣለች። ገዢው ይጽፋል፣ እኔ እመልሳለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁት ትምህርት «እሺ» እና «ደረሰሽ ወይ?» ብሎ ለመጻፍ በቂ ነበር። ዕቃውን ለሚኒባስ እሰጣለሁ፤ የመኪናውን ታርጋ ለገዢው እልካለሁ፤ አለቀ።

ግን አላለቀም። ለካ ሰው ዕቃ ሲገዛ ዕቃውን ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ እንዴት እንደሚደርሰውም ትእዛዝ አለው። አንዷ የደጀን ገዢ «አማቴ እንዳታይብኝ፣ የሽንብራ ከረጢት ውስጥ ከተሽ ላኪልኝ» አለችኝ። ከትቼ ላክሁ። አማቷ ሽንብራ መጣልን ብላ ከፈተችው። አንድ የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ጫት በማይቅም ሹፌር ካልሆነ አልቀበልም አለ። መናኸሪያ ቆሜ የሹፌሮችን ጉንጭ በየተራ ሳይ ዋልሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ዓይኗን ጣለችብኝ ብሎ ሽማግሌ ሊልክ ምንም አልቀረውም። ሌላዋ «ጥቅሉ ላይ ስሜን አትጻፊ፣ የባሌንም አትጻፊ፣ ስልክም አትጻፊ፤ ሲያዩት ያውቁታል» ብላ ጻፈችልኝ። እነማን እንደሚያውቁት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዕቃው ግን ደርሷል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ትእዛዝ ለመፈጸም ሰነፍ እንዳልሆንሁ እንድታውቁልኝ ነው። በሞጣው ነገር ብዙ ሰው ይፈርድብኛልና።

የሞጣዋ ገዢ ስሟ በፌስቡክ «የእናቷ ልጅ» ይላል። ፎቶ የላትም፤ በፎቶው ቦታ ጥቁር ብቻ ነው ያለው። የምትጽፈው ሁልጊዜ በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ውሻው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ዝም ሲል፣ መንገዱ ላይ ሰው ሲጠፋ፣ ስልኬ ጢን ይላል። እኛ ዘንድ ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም። ልጅ ሳለሁ በቀትር ወንዝ መውረድ ተከልክዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ስልኩ ጢን ባለ ቁጥር መጀመሪያ አማትባለሁ፣ ከዚያ አነብባለሁ።

«ነጭ ይሁን። ጥለት አይኑረው። ርዝመቱ ከሰው ቁመት ይትረፍ። ከእግርም ከራስም የሚታጠፍ ይሁን» አለችኝ።

ትእዛዙን ሳነብላቸው አያ ሙሉ መወርወሪያውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

«ይሄ ለቆመ ሰው የሚሆን አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «መገነዣ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሸምነው እስኪጨርሱ ሲያንጎራጉሩ አልሰማሁም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ዘፈናቸው ሁለት ጎረቤት አልፎ የሚሰማ ሰው ናቸው።

እኔም «ማን ሞተ?» ብዬ ጻፍሁና ሳልልከው አጠፋሁት። በምትኩ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ላክሁ።

«ገና ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ስልኩን መደብ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ።

ኋላ ላይ አስረዳችኝ። እናቷ እማማ ዘውዴ ከታመሙ ሰንብተዋል። ሐኪሙ «ቤታቸው ይሁኑ» ብሎ መልሷቸዋል። ሞጣ ላይ ለሸማኔ ብታዝዝ ወሬው በዚያው ቀን እናቷ አልጋ ድረስ ይገባል። «እናቴ እስካሁን የምትነሣ ነው የሚመስላት» አለችኝ። «ያቆማት እሱ ብቻ ነው። ልጇ መገነዣዋን እንዳሰናዳች ያወቀች ቀን ያበቃላታል። እኔ ነኝ የምገድላት ማለት ነው። ባላሰናዳም ደግሞ ሰው ያለ መገነዣ ይቀበር? እኔ አንድ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያስብላት የለም።»

ይህን አንብቤ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። ከዚያ ትእዛዞቹ በየቀትሩ ይመጡ ጀመር። በመኪና አትላኪው፣ ራስሽ ብቻሽን ይዘሽ ነይ። ፌስታል ውስጥ አታድርጊው፤ ኮሽ ይላል፣ እናቴ ዓይኗ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዋ የጥንቱ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልይው። መሬት እንዳይነካ፤ የመኪና ወለልም መሬት ነው፤ እኛ ቤት እንደሚባለው መሬት አንዴ ከነካችው ባለቤቱን ትጠራለች። በቀትር ድረሺ፤ ያን ጊዜ ትንሽ ያሸልባታል። በጓሮው በር እጠብቅሻለሁ፤ አታንኳኪ። የመጨረሻው ትእዛዝ ይህ ነበር፦ «ምን እንደያዝሽ ለማንም እንዳትናገሪ። ሰው ቢጠይቅሽ ዝም በይ። ዝም ማለት ትችያለሽ?»

ዝም ማለት! እስከዚያ ቀን ድረስ የተካንሁበትን ሥራ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «እችላለሁ» ብዬ ጻፍሁላት። ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ።

በማለዳ ከቢቸና መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝሁ። መገነዣውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ በሁለት ክንዴ ላይ አጋደምሁት፤ ደረቴም ላይ ደገፍሁት። መንገዱ ያኔ ገና ፒስታ ስለነበር አቧራ እንዳይነካው የለበስሁትን ነጠላ ጫፍ ጣል አደረግሁበት። ይህ ለሰው ምን እንደሚመስል አሁን እናንተ ታውቁታላችሁ። ለእኔ ግን ያን ጊዜ የሚመስለው መገነዣ ብቻ ነበር።

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «እህት፣ የያዝሽውን አምጪው፣ ከላይ ይጫን!» አለኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ጮኹበት። «አንተ ዓይንህ ጠፍቷል? ሕፃን ጣሪያ ላይ ይጫናል?»

ሕፃኑ የቱ ጋ እንዳለ ለማየት እኔም ዞር ዞር አልሁ።

እኚህ ሴት እትዬ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ሞጣ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሳልጠይቃቸው ነው፤ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነግረውን ጨርሰው ነበር። ከፊታችን ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም «አባ» ይሏቸዋል።

«የኔ እናት፣ ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ፣ ጥቅሉን በአገጫቸው እያሳዩ።

አፌን ከፈትሁ። የእናቷ ልጅ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

«ተያት፣ ደግ አደረገች» አሉ አባ ዞር ብለው። «የሕፃን ነገር መንገድ ላይ አይወራም። ዓይን አለ።»

«እኔ ነኝ ቡዳዋ፣ አባ?»

«አንቺን አላልሁም። መኪናው ግን ሙሉ ነው።»

ይህን ጊዜ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ እኔን አየ እንዳይባል፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ እኔ አላየም። አስቡት፤ በሰው የታጨቀ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ የሚታያችሁ ማጅራት ብቻ ሲሆን።

«ጨርቅ ነው» ብል በቃ ነበር። ግን «የምን ጨርቅ?» መከተሉ አይቀርም። መገነዣ ነው ካልሁ ደግሞ ከእትዬ ጥሩነሽ አፍ ወጥቶ እማማ ዘውዴ አልጋ ለመድረስ ከሚኒባሱ የሚፈጥን መሰለኝ። ስለዚህ ዝም አልሁ።

ትንሽ እንደሄድን እትዬ ጥሩነሽ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «አጥቢው እንጂ! ከተነሣን ጡት አላሳየሽውም።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ማንን ታፍሪያለሽ? ሁላችንም ጠብተን ነው ያደግነው። ዞር በሉ እናንተ!» አሉ ተሳፋሪውን፤ የዞረውን እንደገና አዞሩት።

ምን ላድርግ? ወደ መስኮቱ ዞርሁ፣ ነጠላዬን ከፍ አደረግሁ፣ ጥቅሉን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ሰው ፊት ዋጋ መጥራት የማልችለው እኔ፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መካከል ተቀምጬ መገነዣ አጠባሁ።

«ጎሽ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

ደብረ ወርቅ ሳንደርስ መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘለለ። የአባ ጃንጥላ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የሽንኩርት ከረጢት ተዘረገፈ፤ ሰው ሁሉ «ማርያም!» አለ። እኔ መሬት እንዳይነካብኝ ብዬ ጥቅሉን ከራሴ በላይ አነሣሁት፤ እጄ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። መኪናው ሲረጋ መልሼ አቀፍሁት።

ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቁ ወዲያው አልገባኝም። ለካ የሕፃኑን ለቅሶ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን የማይነቃ፣ የማያለቅስ ሕፃን የት አለ? ሹፌሩ እንኳ ጆሮውን ወደ ኋላ አዘንብሎ ነበር የሚነዳው።

የእትዬ ጥሩነሽ እጅ በነጠላዬ ሥር ቀስ ብሎ ሲገባ ተሰማኝ። ጥቅሉ ላይ አረፈ። ቆየ። ጨርቅ ነውና ይቀዘቅዛል፤ አይንቀሳቀስም። እጁ ቀስ ብሎ ወጣ። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን አዩት፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት። ምንም አላሉም። ከቢቸና ከተነሣን ጀምሮ ምንም ሳይሉ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዝምታው ከወንበር ወደ ወንበር ሲያልፍ አየሁት። እትዬ ጥሩነሽ የአባን ትከሻ ነካ አደረጉ፤ አባ አጠገባቸው ላለው ሰው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ያ ሰው ለፊተኛው፤ የመጨረሻው ለሹፌሩ። ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ ቴፑን አጠፋ። የሞተሩና የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። አባ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መጸለይ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ጥቅሉ ከበደኝ። ስነሣ ቀላል ነበር። አሁን ግን ክንዴን ይጎትተዋል። ሞቅም አለ። ከፍ ዝቅ ሲልም አየሁት። እኔ ስተነፍስ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ፤ እሱ ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን አልተወም። መኪናው ነው የሚያናውጠው፣ አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ሳላስበው «እሹሩሩ» እያልሁ እወዘውዘው ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ይህን አይተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ደብረ ወርቅ ስንቆም ሁሉም ወረደ። እኔ ጥቅሉን የማሳርፍበት ስለሌለኝ ተቀምጬ ቀረሁ። ከመኪናው ጀርባ ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ በመስኮቱ ይሰማኛል።

«እርግጠኛ ነሽ?» ይላል ሹፌሩ።

«በእጄ ነክቼው! እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከቢቸና ስንነሣም በሕይወት አልነበረ ይሆናል።»

«እሷስ?»

«አታውቅማ! ስታጠባው አላየህም?»

«እግዚኦ!»

«ስሙኝ» አሉ አባ። «ማንም እንዳይነግራት። ሰው ከወገኖቹ ሳይደርስ በመንገድ ላይ መርዶ አይነገረውም። እቤቷ ድረስ እንወስዳታለን። ሰው ሰብስበን፣ ውኃ አጠገቧ አድርገን፣ ያን ጊዜ እኔ እነግራታለሁ።»

ሕፃን እንዳልያዝሁ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በእጄ ፈትዬ፣ በእጄ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። ግን ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲያዝንላችሁ የራሳችሁን ነገር ትጠራጠራላችሁ። ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ ነጠላውን ገለጥ አደረግሁና ውስጡን አየሁ።

ጨርቅ ነው። ተመስገን ብዬ መልሼ ሸፈንሁት፤ ፊቱን ፀሐይ እንዳይመታው።

ተመልሰው ሲገቡ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ብርቱካን ልጦ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ሹፌሩ እንዳያንገላታኝ ብሎ እንደ እንቁላል ሻጭ ቀስ እያለ መንዳት ጀመረ።

«እትዬ…» አልሁ በመጨረሻ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ይሄ እኮ…»

«አትናገሪ፣ የኔ እናት» አሉኝ፣ ራሴን ትከሻቸው ላይ እየደገፉ። «ምንም አትናገሪ። እኛ አለንልሽ።»

ከዚያ በላይ ለመናገር ሌላ ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር።

ሞጣ ልንደርስ ስንል ስልኬ ጠራ። ቀትር እየቀረበ ነው፤ የምትደውለው እሷ ናት። ሁለት እጄ ተይዟል። እትዬ ጥሩነሽ ከጉያዬ አውጥተው አነሡት። የእኔ ስልክ ደግሞ ድምፁ ለጎረቤት የሚተርፍ ነው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

«የት ደረስሽ?» አለች የእናቷ ልጅ።

«እኔ አብሬያት የምሄድ ነኝ፤ እጇ ስላልተመቻት ነው። አንቺ ምኗ ነሽ?»

እሷም መልሳ፦ «ዕቃውን ይዛለች?»

እትዬ ጥሩነሽ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና ትክ ብለው አዩት። «ዕቃ አለችው!» አሉ ለአባ በሹክሹክታ። መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። «ይዛዋለች፣ ልጄ። እኛም አውቀናል።»

«አወቃችሁ? ወይኔ! እባካችሁ፣ እናቴ እንዳትሰማ!»

«አንነግርም። ቤታችሁን ንገሪኝና እኛው እናደርሳታለን።»

የእናቷ ልጅ እያለቀሰች ነገረቻቸው፤ የጓሮው በር የቱ ጋ እንደሆነም ጭምር። «ብቻ እናቴ እንዳትሰማ። ከሰማች ትሞትብኛለች።»

«አይዞሽ፣ እናት አልሰማችም። ይኸው ከአጠገቤ ተቀምጣለች፤ ምንም አላወቀችም» አሉ እትዬ ጥሩነሽ እኔን እያዩ።

«ማን ናት… ከአጠገብዎ ያለችው?» አለች የእናቷ ልጅ። ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ነበር።

ኔትወርኩ ጠፋ።

ሚኒባሱ ወደ መናኸሪያ አልገባም። በቀጭኑ መንገድ ታጥፎ እስከ ሰፈሩ ድረስ ወሰደን። ስንወርድ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች፤ የሁላችንም ጥላ እግራችን ሥር ገብቷል። መንገዱ ጭር ብሏል። ወደየቤቱ የሄደ አንድም ተሳፋሪ የለም። እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላዬ፣ ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ በአጥሩ ሥር ሄድን። ወደ ኋላ ዞር ባልሁ ቁጥር ሁሉም ይቆማሉ።

የጓሮው በር ላይ አንዲት የጠወለገች ሴት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆማለች። መጀመሪያ እኔን አየች። ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ቄሱን አየች። ጣቷ ከንፈሯ ላይ እንዳለ አፏ ተከፈተ።

«ብቻሽን ነይ አላልሁሽም?» አለችኝ በትንፋሽ።

ነቀነቅሁ።

እትዬ ጥሩነሽ አንገቷን አቀፏት። «አይዞሽ። ጠንከር በይ። እንዳታለቅሺ፣ ትሰማለች።»

«ቀስ በሉ እንግዲህ» አለች እሷም። «አሁን ነው ያሸለባት።»

አንዷ ስለ እናቷ፣ አንዷ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት፤ ግን ዝም ማለት እንዳለብን ሁሉም ተስማማ። ሚኒባስ ሙሉ ሰው በእግሩ ጣት እየረገጠ ግቢው ውስጥ ገባ። ነገሩ በዚሁ ቢቆም ኖሮ፣ እላችኋለሁ፣ ምስጢሩ ሳይሰማ ይቀር ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ ግን አንዲት ጎረቤት በርበሬ እያሰጣች ነበር። ቀና ስትል የታመሙ ሰው ግቢ ውስጥ ቄስ ቆመዋል፤ ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀዋል፤ ልጃቸው ዓይኗ ቀልቷል። ሌላ ምን ታስብ? ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነችና፦

«ወይኔ እማማ ዘውዴ! ወይኔ ደጓ!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ከሚቀጥለው ግቢ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ማዶ ሌላዋ። ጭር ብሎ የነበረው ሰፈር በአንድ ጊዜ በጩኸት ተሞላ፤ በፊቱም በጓሮውም በር ሰው ይጎርፍ ጀመር። የእናቷ ልጅ «አይደለም! ዝም በሉ! አይደለም!» እያለች ከአንዱ ወደ ሌላው ትሮጣለች፤ ሐዘን ነው ያሳበዳት ብለው ይይዟታል።

የቤቱ በር ከውስጥ ተከፈተ።

እማማ ዘውዴ ጉበኑን ይዘው ቆመዋል። ነጭ ለብሰዋል፤ ከሰውነታቸው የቀረው ዓይንና እጅ ብቻ ነው። ፀሐዩ ስለከበዳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። በርበሬ የምታሰጣዋ ሴት «ወይኔ እማማ…» እንዳለች አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሹፌሩ ከአባ ጀርባ ገባ። አባ ራሳቸው ሁለት ጊዜ አማተቡ።

«ማነው የሞተው?» አሉ እማማ ዘውዴ።

ጆሯቸውን ወደ ማዶው ጩኸት አዘነበሉ።

«ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ መሰለኝ። እኔ ከሆንሁ ንገሩኝ።»

ይህን ያሉት ለቀልድ አልነበረም። ሰውን ሁሉ በየተራ እያዩ መልስ ጠበቁ። እትዬ ጥሩነሽ ከዚያ በላይ መቻል አቃታቸው።

«እርስዎ አይደሉም፣ እማማ! ሕፃን ነው!» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

የእናቷ ልጅ በሰው ክንድ እንደተያዘች አየችኝ። ራሷን ግራ ቀኝ ወዘወዘች፤ አትስጪያት ማለቷ ነው። እኔም አልሰጥም ብዬ ጥቅሉን ወደ ደረቴ ጨመቅሁት። እማማ ዘውዴ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አምጪው» አሉና ከደፉ ወረዱ። ጉልበታቸው ከዳቸው። እንዳይወድቁ ሮጬ ተጠጋሁ፤ የሚይዙት ነገር ሲፈልጉ እጃቸው ያገኘው ጥቅሉን ነበር። ይዘውት ቀና አሉ። ክንዴ ባዶ ሲሆን በረደኝ።

ሕፃን የለመደ አያያዝ ነው የያዙት፤ አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከላይ። ሕፃን እንዳልሆነ ወዲያው እንዳወቁ ከፊታቸው አየሁ። የላይኛው እጃቸው በነጠላው ሥር ገባ። ፈትሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው አሸት አደረጉት። ከዚያ ጣታቸው በጠርዙ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ጥለቱን እየፈለገ ነው። ጥግ ድረስ ሄደ። ታጥፎ በሌላው ጠርዝ ተመለሰ፤ ጥለት የለም። ቆመ።

ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። የእናቷ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ግቢው ሙሉ ሰው ነበረ፤ የሰፈሩ ሰው በረት ውስጥ እንዳለ ከብት ተጠጋግቶ ቆሟል።

እማማ ዘውዴ ጎንበስ ብለው ለእኔ ብቻ እንዲሰማ «አንቺ ነሽ የፈተልሽው?» አሉኝ።

ነቀነቅሁ።

«ቀጭን ነው። እጅሽ ይባረክ።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ምን ሆናችኋል እናንተ?» አሉ። «ሕፃኑ ደህና ነው። ተኝቷል። አትጩኹበት።»

«እማማ፣ እኔ እኮ በእጄ ነክቼው…» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ስንት ወልደሻል?»

«ሁለት።»

«ሁለት ወልደሽ ነው የምታስተምሪኝ? ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

ሰዉ እንደ አገባቡ በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ። አባ በሩ ላይ ቆመው ጥቅሉን ረዥም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወደ እማማ ዘውዴ እጅ ነሥተው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

እማማ ዘውዴ በሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አስተኙት። ቀስ እያሉ ይወዘውዙት ጀመር። የእናቷ ልጅ ቀርባ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እናቴ…» አለች።

«እሽሽ» አሏት። «ግቢና ለልጅቱ ውኃ አምጪላት። ከመንገድ ናት።»

የእናቷ ልጅ እንባዋን እየዋጠች ገባች። እማማ ዘውዴ በአጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።

«ቁጭ በይ አንቺም። ክንድሽ ደክሟል» አሉኝ። «እስኪነቃ እኔ እይዘዋለሁ።»

ተቀመጥሁ።